የፍልፈል ትርፍ ዕቃ

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ።

የእርሻ ዕቃ የሚነግድ አንድ ፍልፈል ነበር። ያከማቸው ትርፍ ድግርና ሞፈር ጉድጓዱን ስለሞላው ልጆቹ ዝናብ እየመታቸው ደጅ ያድሩ ጀመር። ሚስቱ ብትጨቀጭቀው፣ ሆዱ እየባባ ሁሉንም ለጦጣ በነጻ ሰጣት።

በገበያ ቀን፣ ዓይኑ ደካማ ነውና፣ አንድ የዕቃ ክምር በእጁ ዳሰሰ።

«እንዲህ ያለ ሸጋ ድግር የጣለው የትኛው ሞኝ ነው?» አለ።

«አንድ ጎረቤቴ ነው» አለች ሻጯ ጦጣ፣ እንዳያውቃት ድምጿን አጎርንና።

ፍልፈል ለሞኙ አዘነለት። ለልጆቹ ቀለብ የያዘውን ገብስ ሰጥቶ ክምሩን ወሰደ።

ደጃፉ ላይ ሲያራግፍ ሚስቱ አንዱን ድግር አነሳች።

«ይሄ የራስህ ዕቃ ነው፤ የጥርስህ ምልክት አለበት» አለችው።

ዳሰሰው። «ሞኙንስ አገኘሁት» አለና በራሱ እየሳቀ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር።

ተረቴ አለቀች፤ ዳቦዬ የት አለች?