ቀድሞ የገባው ጎማ

እኛ ኮምቦልቻ ሰው ለታይታ ብሎ ዋናውን ነገር ሲያላላ የምንተርተው አባባል አለ። ልጆቹ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። የምን ጥንት! እኔው ራሴ ከመኪና ኋላ ወንበር ተጣብቄ በሄድኩበት ቀን የወጣ ተረት ነው።

ሸምሱ የጋሽ እንድሪስን ልጅ ሐያትን ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። የቀረው የአባትየው እሺታ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ፣ ሰውን ባነዳዱ የሚመዝኑ ናቸው። ሸምሱ ታዲያ እኛን ሦስት ሽማግሎች ይዞ ደጃቸው ከመድረሱ በፊት፣ ያቺ ሚጢጢ መኪናው ደረቷ ሰፍቶ እንድትታይ ጋራዥ ወሰዳት። ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋውን ወፍራም ብረት፣ ስፔሰር የሚሉትን፣ በአራቱም እግሯ ይግባላት አለ።

ገታቸው የሚባለው መካኒክ ለመነው።

"ወንድሜ፣ ብረቱ ቦታ ሲይዝ ቡሎኑ ያጥርብሃል። ከጥርሱ የሚይዘው ሦስት ክር ብቻ ነው። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታም ይበላዋል።"

"አንተ እሰር፤ ለክሩ እኔ አለሁ!"

እሁድ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰን ተጫንን። ኧረ ጉድ! ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጎማው የጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን ይፍቃል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ያፍነናል። ከእኛ ከሽማግሎቹ አንዱ ሼህ ይመር "ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" ሲሉት፣ "አዲስ ነገር እስኪለመድ ነው፣ አባባ" ይላል፣ አያፍርም።

የጋሽ እንድሪስ ደጅ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን ጓ! አለ። መኪናዋ በግራ ጎኗ ቁጭ አለች። ጎማው ግን ብቻውን ቁልቁል ተንከባሎ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ለእኛ የተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተጋደመ። በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲቀድመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ወጡ። ጎንበስ ብለው የተበጠሱትን ቡሎኖች ባውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ስንት ክር ይዞ ነበር?"

"ሦ... ሦስት።"

"ታውቅ ነበር?"

ሸምሱ አቀረቀረ። ሐያት በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችውና "ልጅነት ነው፣ ይለፉት" አልኩ።

"ሦስት አባወራ በሦስት ክር የጫነ፣ የእኔን ልጅ በስንት ሊጭናት ነው?" አሉኝ። "እናንተ ግቡ፣ ምሳ ቀርቧል። የልጄን ነገር ግን እንዳታነሱብኝ።"

ከዚያ ወደ ሸምሱ ዞረው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉት፦ "መቆሚያ ሊያሰፋ መያዣ ያሳጠረ፣ ሽማግሌ ጭኖ ደጅ ላይ ቀረ።"