ያልተለቀቀው እጥፋት

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የደብሯን ሕፃናት መዘምራን ነጭ ቀሚስ የምትሰፋው እርሷ ናት። ልጆቹ እትዬ ወርቅያንሱ ይሏታል።

ልጅ ያድጋል፤ ጨርቅ አያድግም። ስለዚህ እትዬ ወርቅያንሱ ቀሚስ በሰፋች ቁጥር ከግርጌው አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ጥምቀት ሲቃረብ ልጆቹ ለብሰው በደብሩ አዳራሽ ውስጥ ይሰለፋሉ። እርሷ ተንበርክካ፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ፣ ቀሚሱ ያጠረበትን ልጅ እጥፋት ትተረትርና ትለቅለታለች።

«አንተ! ባሕር ዛፍ ነው እንዴ የምትበላው?»

«ኧረ ሽሮ ነው እትዬ!»

«እንግዲያው እናትህ ትቀንስልህ። ጨርቄን ጨረስከው!»

ልጆቹ ይስቃሉ። እርሷም ትስቃለች።

ከመካከላቸው ይትባረክ የሚባል ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ ዐምናም እዚያው ነበር፤ ካቻምናም እዚያው።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ! ልክህ ነው። የማታስቸግረኝ አንተ ብቻ ነህ!»

ይትባረክ ደስ ብሎት ፈገግ ይላል። ከዚያ ሄዶ ግድግዳውን ይደገፋል።

«ከግድግዳው ራቅ፣ ነጩ ይቆሽሻል!»

ልጁም ይርቃል። ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ ይርቃል።

ምእመናን፣ ምን እንዳየች አስተዋላችሁ? ቀሚስ አየች። ልጅ ከዓመት ዓመት ሳያድግ ሲቀር፣ ሜትር በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት «ልክህ ነው» ብላ አለፈችው። ክፉ ሆና ነው? አይደለም። ትወደው ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ እየወደደችው አላየችውም።

ልቡ ታሞ ነበር። እናቱ በመጨረሻ ስትወስደው ሐኪሙ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አላት። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ዐረፈ።

በዚያ ደብር ልማድ፣ መዘምር ሲያርፍ ቀሚሱ በአስከሬኑ ሳጥን ላይ ይነጠፋል። እትዬ ወርቅያንሱ ቀሚሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለቅሶው ቤት ይዛ ሄደች። እናቱ ተቀበለቻትና ጨርቁን ዳበሰችው። ግርጌው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄ ወፍራሙ ምንድን ነው እትዬ?»

«እጥፋት ነው። ልጁ ሲያድግ... የሚለቀቅለት።»

«የሌሎቹ ተለቋል?»

«አዎ።»

እናቱ እጥፋቱን እንደያዘች ቀጠለች። «‹ምነው ልጄ አላደግህም?› ስለው፣ ‹እትዬ ልክህ ነው ብለውኛል፣ አመስግነውኛል› ይለኝ ነበር። እርስዎ የልጆችን ቁመት ያውቃሉ ብዬ... አመንኩ።»



«ይልቀቁለት» አለች እናቱ። «ለእሱም ይልቀቁለት።»

ምን ታድርግ? ለቀስተኛው እያያት ተንበረከከች። ክሩን ተረተረች። ቀሚሱ በአጠባ ብዛት ወይቧል፤ ከእጥፋቱ ውስጥ የወጣው ጨርቅ ግን ፀሐይ ያልነካው፣ ገና ከጣቃው እንደተቀደደ ነጭ ነበር። አራት ጣት። ያ ልጅ ሊያድገው የነበረ ቁመት፣ ሳይነካ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ምእመናን፣ ለዚህ ታሪክ ማጽናኛ አትጠብቁ። ሴትዮዋ ዛሬም ትሰፋለች። አሁን ከግርጌው አትጀምርም፤ «ቀና በል እስቲ፣ ፊትህን ልየው» ትላለች። ይትባረክን ግን ይህ አይመልሰውም። ዘግይቶ የመጣ ዓይን ምን ያደርጋል? መቃብር ያያል።

እናንተስ? «ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» የምትሉት ልጅ የለም? «እርሷ ምንም አትጠይቅም፣ ተመስገን» የምትሏት ጎረቤት የለችም? እኛ ያልተቸገርነው እነርሱ ስላልተቸገሩ ይመስላችኋል? ያላስቸገረንን አመሰገንነው፤ ምስጋናችንም አፉን ዘጋው። ደክሞት ግድግዳ ሲደገፍ «ራቅ» አልነው፤ ነጩ እንዳይቆሽሽብን።

ዛሬ ሁላችሁም ነጭ ለብሳችሁ መጥታችኋል። ከዚህ ሲታይ ያማረ ነው፤ ሁሉም ልኩ ይመስላል።

እስቲ ጉባኤው ሳይበተን ዘወር በሉ። ከኋላችሁ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ማን ነው?