ቤቷን የደበቀችው ወፍ

በድሮ ዘመን፣ ሜዳው ሁሉ ሣር በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። መልኳ አፈር ይመስላል። ዛፍ ላይ አትወጣም፤ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። ብልህ ነበረች። ማንንም አታምንም ነበር።

ስሙኝ ልጆች። ይህች ወፍ ሽቅብ እየበረረች ትዘፍናለች። ስትወርድ ግን ጎጆዋ ላይ አታርፍም። ራቅ ብላ ታርፍና በሣሩ ውስጥ በእግሯ ትሄዳለች። ቤቷን ማንም እንዳያይባት።

ጫጩቶች ፈለፈለች። ላባ ገና አላበቀሉም።

እባብ መጣ። ክንፏን እንደ ሰባራ እየጎተተች ከፊቱ አነከሰች። "ይህችስ አታመልጠኝም" ብሎ ተከተላት። ከጎጆው አራቀችውና፣ ብር!

ሸለምጥማጥ መጣ። ክንፏን ጎተተች። "ምሳዬ በእግሩ መጣ!" ብሎ ተከተላት። አራቀችውና፣ ብር!

"አያ ሸለምጥማጥ፣ ምሳህ ሰማይ ላይ ነው፤ ዝለልና ብላ!" ብላ ሳቀችበት።

ከዚያ ሰው መጣ። ደምለው የሚባል ደግ ገበሬ፣ በሬዎቹን ጠምዶ ሜዳውን ሊያርስ መጣ።

ክንፏን ጎተተች። ደምለው በሬዎቹን አቆመ፤ ግን አልተከተላትም።

"እኔን! ምን አገኘሽ፣ እመት ወፍ?"

"ክንፌ ተሰብሮ ነው፣ አያ ደምለው። ናና ያዘኝ።"

"የተጎዳ መያዝማ ነውር ነው። ይልቅ ቤትሽ የት ነው? እንዳላርሰው ንገሪኝ።"

ወፏ ደነገጠች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ኖሮ አያውቅም። እንደ ልማዷ ዋሸች።

"እዚያ ማዶ፣ ድንጋዩ ሥር።"

"በይ፣ ዙሪያውን እተውልሻለሁ።"

አንድ ትልም አወጣ። ወፏ "ልንገረው ይሆን?" አለች በልቧ።

ሁለተኛ ትልም አወጣ። "ነግሬው ቢበላቸውስ?" አለች በልቧ።

ሦስተኛው ትልም ወደ ጎጆው መጣ። አፏን ከፈተች። እውነቱ አልወጣላትም። ክንፏን ጎተተች፤ አነከሰች፤ አነከሰች።

"አይዞሽ፣ ቤትሽ ጋ አልደርስም" አላት ደምለው።

ማረሻው አለፈ። አፈሩ ተገለበጠ።

ደምለው ቃሉን ጠበቀ። በድንጋዩ ዙሪያ ያለውን ሣር ሳይነካ ትቶላት፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ወፏ ጥቁሩን አፈር በመንቁሯ ስትጭር መሸ።

ልጆች፣ ክፉን የሚያታልል ብልሃት ደጉን አይመልስም። ከጠላት ሁሉ የተደበቀ ከወዳጅም ይደበቃል።

ተረቴ ይኸው ነው። ዛሬስ ዳቦ አልጠይቃችሁም።