የዝንጀሮ ምሳ ከጨው ምሰሶው ሥር

ልጆች፣ ቀረብ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሙን የሚያስታውስ በሌለ አንድ አገር፣ አውሬዎች ማሽላ እየዘሩ ይኖሩ ነበር። ጥጋብ አልነበረም፤ ረሃብም አልነበረም።

አንድ ዓመት አባ ፍልፈል በኮረብታው ሥር ሲቆፍር ጥርሱ ነጭ ድንጋይ ነካ። ላስ አደረገው። ጨው ነው። ወሬው ወንዝ ተሻገረና ነጋዴዎቹ አህዮች እህል ተሸክመው መጡ። ለአንድ አሞሌ ጨው አንድ ስልቻ ማሽላ ሰጡ።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ወደ ኮረብታው ሄደ። ከርከሮ በክራንቻው ፈለጠ፤ እመት ጃርት ከሦስት ልጆቿ ጋር ቆፈረች። ዝንጀሮ መቆፈር አይወድምና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ከአህዮቹ ጋር የሚዋዋል አለቃ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት እርሻው ዳዋ ለበሰ። ከወንዝ ማዶ ደግሞ ሌላ የጨው ኮረብታ ተገኘ። አህዮቹ ለዚያው ስልቻ ሁለት አሞሌ ጠየቁ፤ ቆይተው አራት። ቆፋሪው ከበፊቱ ይልቅ ይቆፍራል፤ ከበፊቱ ያነሰ ይበላል። ማሽላ የሚዘራ ስለሌለ እምቢ የሚል አልነበረም።

ጨዉ እያለቀ ሄደ። በግድግዳው ካለው ስስ ጨው በቀር የቀረው በጉድጓዱ መካከል የቆመው ወፍራም ምሰሶ ነው። ጣሪያውን የያዘው እሱ ስለሆነ ቆፋሪዎቹ እናት ምሰሶ ይሉታል።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ከላይ ሆኖ፣ «እናት ምሰሶውን ፍለጡት፤ የክረምት ቀለብ ይወጣዋል» አለ።

«ልጆቼ ከሥሩ ናቸው፣ አያ ዝንጀሮ» አለች እመት ጃርት።

«አይፈርስም አልኩሽ።»

ቆፋሪዎቹ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ቦታ ከመቆፈሩ በፊት፣ ያዘዘው ራሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ምሳውን እስከ መጨረሻው ይበላል። በሚያስፈራ ቦታ እህል በጉሮሮ አይወርድምና።

«ምሳህንስ የት ትበላለህ?» አለ አባ ፍልፈል።

«ዛሬ ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» አለ ዝንጀሮ። ቆፋሪዎቹም ሳይቆፍሩ ዋሉ።

በማግስቱ ደግሞ አዘዘ።

«ምሳህንስ የት ትበላለህ?»

«ጭራዬን እልካለሁ» ብሎ የዝንብ መከላከያ ጭራውን ወረወረላቸው። «እሷ ተቀመጠች ማለት እኔ ተቀመጥኩ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ማሽላውንም ለእሷ እናጉርሳት» አለ ከርከሮ። የሳቁት ሳቁ፤ ያልሳቁት ርቧቸው ነው።

ዝንጀሮ በዚህ ተቆጣና፣ «ያልቆፈረ ማሽላ የለውም» ብሎ ስልቻውን ሁሉ አሰረ።

በሦስተኛው ቀን የእመት ጃርት ትንሹ ልጅ ከረሃብ የተነሳ መነሳት አቃተው። እናቱ መቆፈሪያዋን አንስታ ወደ ምሰሶው ሄደች።

«ተይ፣ እመት ጃርት» አለ አባ ፍልፈል።

«ምን ልተው? በድንጋይ ከሚሞትና በረሃብ ከሚሞት የቱን ልምረጥ?»

«እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ታገሺኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ አህዮቹ ጨው ሊጭኑ መጡ። ጨው የለም። አባ ፍልፈል ወጥቶ አህዮቹ ፊት ቆመ።

«ጨዉ እናት ምሰሶው ላይ አለ፤ ለመፍለጥ የቀረው አለቃችን ከሥሩ ምሳውን መብላት ብቻ ነው» አለ።

የአህዮቹ ሽማግሌ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። «እህሉ ቀርቦልህ ምን ይዞህ ነው? ውረድና ብላ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ዝንጀሮ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከምሰሶው ሥር አስቀመጡትና የማሽላ ቂጣውን ከፊቱ ዘረጉለት። አንድ ጉርሻ አንስቶ አፉ ውስጥ አንከባለለው፤ አልዋጠውም። ከላይ ጣሪያው ሲጥ አለና ጥቂት ትቢያ ቂጣው ላይ ወረደ።

«ብላ እንጂ» አለ አባ ፍልፈል፤ «ጣሪያው ጨው ጨመረልህ።»

ዝንጀሮ ጉርሻውን ተፋ። በአራት እግሩ ሮጠ፤ ከኮረብታው ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ማዶ ቆመ።

ቆፋሪዎቹ ተያዩ። ምሰሶው እንዳለ ቆሟል። አህዮቹም ሳይጭኑ ተመለሱ። ከርከሮ ስልቻዎቹን ፈታ፤ የመጀመሪያው እፍኝ ለጃርት ትንሽ ልጅ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲያ ግማሹ ምሰሶውን ሳይነካ ከግድግዳው የቀረውን ጨው ቆፈረ፣ ግማሹ ዳዋውን መንጥሮ ማሽላ ዘራ። አገሩ ሀብታም አልሆነም። ነገር ግን በመኸር ወቅት አህዮቹ አራት አሞሌ ሲሉ፣ እመት ጃርት «አንሰጥም፤ ማሽላ አለን» አለቻቸው። ወደ ሁለት ወረዱ።

ዝንጀሮ ተመልሶ የእርሻ ጠባቂ ልሁን ብሎ ለመነ። ዝንጀሮን ማሽላ የሚያስጠብቅ አገር ግን እስካሁን አልተገኘምና፣ ጨው ተሸካሚ አደረጉት።

እኔ የነገሩኝን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሚመጡት አቀብሉ። እነዚያ ቆፋሪዎች ለልጆቻቸው የተዉት ቃል ይህች ናት፦ «አይፈርስም» ያለ፣ ምሳውን ከሥሩ ይብላ።