አህያዋና የጨዋ ልጆቹ ውሃዎች

ተረት ተረት ስላችሁ «የመብራት» በሉኝ፤ የላም በረቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ድሮ፣ ውሃ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ቡላ የምትባል አህያ ነበረች። ገደል ማዶ ወዳለው ወፍጮ እህል ስታመላልስ ጀርባዋ ተልጦ አልቋል። ኋላ አገሬው ወንዙ ዳር ትንሽ የመብራት ማመንጫ ተከለ፤ በመብራት የሚሠራ ወፍጮም መንደሩ መሀል ገባ። ቡላ ተመስገን ብላ ጀርባዋን ፀሐይ ማሞቅ ጀመረች።

ምን ያደርጋል፣ አንድ ጠዋት ወፍጮው ቀጥ አለ። ጌታዋ አቶ ጓንጉል መጫኛውን አንስቶ «እስከ ቀትር ካልተነሣ ገደል ማዶ ነው» አላት።

ቡላ ክው አለች። ሮጣ ሄዳ ወፍጮውን «ምነው ቆምክ?» አለችው።

«ሽቦውን ጠይቂ።»

ሽቦውን ጠየቀችው።

«እኔ መንገድ ነኝ፤ የላኩልኝን አሳልፋለሁ። ተርባይኑን ጠይቂ።»

ተርባይኑን ጠየቀችው።

«ውሃ ሳይመታኝ ልዙር? እብድ ነኝ እንዴ? ወደ ላይ ውጪና እያቸው።»

ሽቅብ ወጣች። ውሃው ወደ ማመንጫው በሚወርድበት ቧንቧ አፍ ላይ፣ ከተራራ የመጣው አያ ጅረትና ከቋጥኝ ሥር የፈለቀችው እመት ምንጭ ቆመው ይግደረደራሉ። ሁለቱም የጨዋ ልጆች ናቸውና ቀድሞ መግባት ነውር ነው።

«እመት ምንጭ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ታላቄ እያሉ? አይደረግም።»

ቡላ ለመነቻቸው። «ቆይ፣ እሳቸው ይግቡ» አሏት። አናፋችባቸው። «ምን ያለች ስድ ናት» ብለው መግደርደራቸውን ቀጠሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ ከታች አቶ ጓንጉል «ቡላ! የት ገባሽ?» እያለ ይጣራል። አህያዋ ልታለቅስ ደረሰች።

በመጨረሻ «ጨዋነታችሁ ጀርባዬን ሊጨርሰው ነው» አለችና ቦዩ ውስጥ ዘላ ገብታ ወደ ቧንቧው አፍ ገሰገሰች።

«አህያ ትቅደመን?» ብለው ሁለቱም በግራና በቀኟ ተግተልትለው ገቡ። ቡላ የቧንቧው የብረት ፍርግርግ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ተርባይኑ ዞረ፣ ሽቦው ሞቀ፣ ወፍጮው አጓራ። አቶ ጓንጉልም መጥቶ፣ «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ልሁን ብለሽ ነው?» እያለ በዚያው መጫኛ ጎትቶ አወጣት።

ከዚያ ወዲህ ውሃዎቹ «ይቅደሙ» ማለት ሲጀምሩ፣ ቡላ ከጉብታው ላይ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ተሽቀዳድመው ይገባሉ። በዚያ አገር በር ላይ የሚግደረደሩ እንግዶችም «ግቡ እንጂ፣ አህያዋ ሳትቀድማችሁ» ይባላሉ።

ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ ይባላል፤ እኔ ደግሞ በጨለማም ያድሩ እላለሁ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትወጡ ግን በሩ ላይ እንዳትግደረደሩብኝ።