«በሞቴ» ባዩ ወዳጅ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ደግፌ ይባላል። ሁለት ጓደኞች ነበሩት። አንደኛው ወንድይፍራው አፈ ቅቤ ነው። ሲያጎርሰው «በሞቴ!»፣ ሲሸኘው «በሞቴ፣ ትንሽ ቆይ!» ይለዋል፤ በቀን ስንቴ እንደሚሞት እንጃለት! ሁለተኛው ባይለየኝ ግን ቁጡ ነው። ደግፌ የጉድጓዱን ግድግዳ በእንጨት ሳይደግፍ ከገባ ይሰድበዋል። ደግፌም ቁጣው ሰለቸውና ባይለየኝን አኩርፎ ከወንድይፍራው ጋር ብቻ መዋል ጀመረ።

አንድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ተናደና ደግፌን እስከ ደረቱ ቀበረው። ወንድይፍራው ገመድ ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ድረስልኝ!» አለ ደግፌ ከታች።

«እኔ ልሙትልህ! እኔን አፈር ይብላኝ!» እያለ ወንድይፍራው ደረቱን ይደቃል።

«ታዲያ ውረድና አውጣው እንጂ! ገመዱን እኛ እንይዝልሃለን» አሉት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች።

«የልጆች አባት እኮ ነኝ!» አለ።

ባይለየኝም የልጆች አባት ነው። ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ገመዱን ከወንድይፍራው እጅ ነጥቆ ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። «ደግፈው አላልኩህም?» እያለ፣ እየተቆጣ፣ አፈሩን በእጁ ዛቀለት። ከዚያ ገመዱን ከራሱ ፈትቶ ደግፌን አሰረው።

«ሳቡት!» አለ።

ደግፌ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጉድጓዱ ዳግም ተናደ። ባይለየኝ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጦ የጮኸ ማን ነው? ወንድይፍራው! «ወንድሜ ባይለየኝ፣ ምነው እኔ በሞትኩልህ!»

ደግፌ አላስቻለውም። «ትናንት ገመዱ በእጅህ ነበር። ማን ከለከለህ?» አለው። ደግፌም ባኮረፈው ወዳጁ መቃብር ላይ ተደፍቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ይህን ስናገር ደሜ ይፈላል! ወንድይፍራው ሩቅ አገር ያለ ሰው አይደለማ፤ እኛው ነን። አንገታችን ላይ ማተብ አስረን፣ ጓደኛችን ሲታመም ደጁን አንረግጥም፤ ሲሞት ግን ድንኳን እስኪቀደድ እንጮሃለን። ጌታችን ወዳጆቼ ብሎ ጠርቶን በቃል ብቻ አልሸነገለንም፤ ነፍሱን ሰጠን። እውነተኛ ወዳጅም ወዳለህበት ጉድጓድ የሚወርድልህ ነው፣ እየተቆጣም ቢሆን።

ለመሆኑ አሁን፣ አንተ ይህን በምታነብበት ሰዓት፣ ስምህን እየጠራ «ድረስልኝ» የሚል ወዳጅ የለህም?