አንዲት ብሎን ያስበላቻት መኪና

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ዕድሜዋ ከጫካው ዋርካ የሚበልጥ መኪና ነበረችው። ዝንብ እንኳ እግሯን ጠርጋ ነበር የምታርፍባት፤ ካላመናችሁ ዝንቧን ጠይቁ። ሾፌሩ አህያ ነበር።

አንድ ጠዋት አንበሳ «ለነብር ልጅ ሠርግ ሚዜ ነኝ፤ እስከ ቀትር መኪናዬን አሳምረህ ጠብቀኝ» ብሎት ጎፈሩን ሊያስበጥር ሄደ።

አህያ ዳሽቦርዱን በጭራው ሲወለውል የመብራቱ ማዞሪያ ተነቅላ ከጭራው ጋር መጣች። መልሶ ሰካት፤ ወደቀች። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አለቀልኝ! ቆዳዬ ለከበሮ ነው!»

የጫካው ደላላ እመት ቀበሮ ሰማችው። «ወንድምዓለም፣ ምን ጉድ አየህ?»

«ማዞሪያዋ ላላች! ለጌታዬ ልንገረው ይሆን?»

«ሞኝ! ለአንበሳ እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው ኑዛዜ ከተጨረሰ በኋላ ነው። ይልቅ አያ ጅቦ ጋራዥ እንውሰዳት።»

እየነዳ ወሰዳት። ጅብ ማዞሪያዋን በአንድ ዓይኑ አየና የቆዳውን ወንበር በደንብ አሸተተ።

«እህ! ማዞሪያዋን ያላላት ዳሽቦርዱ ነው፤ ዳሽቦርዱን ያላላው ደግሞ ወንበሩ ነው። ሂድ፣ ሣር ግጠህ ና!»

አህያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ተመለሰ። ሣሩ ከአፉ ወደቀ። መኪና የለችም! ወንበሩ ተበልቷል፤ ግሪሱ ተልሷል፤ አራቱም ጎማዎች እንደ ቅልጥም ተግጠዋል። ስለ ሞተሩ ብትጠይቁኝ፣ ጅብ በሽቦው ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር። ባዶ ዳሽቦርድ ታቅፎ ይስቃል።

«እስቲ ማዞሪያዋን ነቅንቃት! በማስቲካ አጣብቄያታለሁ፤ የልጅ ልጆችህም አይነቅሏትም!»

«መኪናዋስ፣ አያ ጅቦ? መኪናዋስ?!»

«አንድ በአንድ መረመርኩት። ሁሉም የላላ ነው፤ አንዱም ጥርሴን አልቻለም።»

አህያ ዳሽቦርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንበሳ ፊት ቀረበ። የሆነውን ሁሉ ተናገረ። አንበሳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማግሳት አቃተው። ቀስ ብሎ የመሐረቡን ቋጠሮ ፈታና ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ ብሎን አወጣ።

«ማዞሪያዋን ትናንት መብራት ሳጠፋ ያላላኋት እኔው ነኝ» አለ በደከመ ድምፅ። «ብሎኗ እንዳትጠፋ ብዬ ቋጠርኳት። ብትነግረኝ ኖሮ በጥፍሬ አንዴ ባዞርኳት ነበር።»



«እንግዲህ ሠርጉ አይቀርም» አለና አንበሳ አህያው ጀርባ ላይ ወጣ።

ሙሽራዋ ሚዜውን ስታይ ሦስት ጊዜ ራሷን ሳተች። እመት ቀበሮ ግን ለድለላዋ ከጅብ የተቀበለችውን የመኪናዋን የጎን መስታወት ይዛ ጢሟን ታሳምር ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ትንሿን ጥፋት ለባለቤቱ ያልተናገረ ትልቁን በገዛ ጀርባው እንደሚሸከም ነው።